ኪንግ-ኩዊን ይዤ ሪሬይዝ ሳደርግ ለምን እሸነፋለሁ?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ሐዋሳ ካለ ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ቤት ውስጥ ቴክሳስ ሆልደም እንጫወታለን። ገንዘብ የለበትም፣ በቺፕስ ብቻ ነው። ቀድሞ ቺፕሱን የጨረሰ ሰው በማግስቱ አሞራ ገደል ወስዶ አሳ ይጋብዛል። የኔ ችግር ሪሬይዝ ላይ ነው። ድሮ በሁለት ኤስ ወይም በሁለት ኪንግ ብቻ ነበር የማደርገው። ነቁብኝ፤ ገና እጄን ስዘረጋ ሁሉም ካርታቸውን ይጥላሉ። ከዚያ በጥሩ ካርታ ሁሉ ልሞክር ብዬ በኪንግ-ኩዊን፣ በኤስ-ጃክ፣ በኤስ-10 ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ኮል የሚያደርገኝ ሁሉ ከእኔ የተሻለ ይዞ ይገኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳ ጋባዥ ሆንኩ። ከፍሎፕ በፊት ሪሬይዝ የሚደረገው በየትኛው ካርታ ነው? ዝርዝር ካለዎት ይላኩልኝ። ሁለት ጃክ ሲመጣልኝ ደግሞ ሁሌ ግራ ይገባኛል።»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ አይነግሩህም እንጂ ይሄ ሪሬይዝህ እንዳይስተካከል እየጸለዩ ነው።

ዝርዝሩስ ሞልቷል። 13 በ13 የሆነ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ አለ፤ 169 ዓይነት መነሻ ካርታ ተደርድሮበታል። አንዱ ቀለም ሪሬይዝ ነው፣ አንዱ ኮል፣ የቀረው ጣል። ልልክልህ እችላለሁ። ግን ያ ሠንጠረዥ የተሠራው ፊት ለፊትህ ያለው ሰውም በትክክል ይመልሳል ተብሎ ነው። ያንተ ተጋጣሚ ደግሞ ግማሽ ልቡ ኳሱ ላይ ሆኖ «እስቲ ልየው» እያለ ኮል የሚያደርግ ልጅ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ትቼ አሠራሩን ላሳይህ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ልበል። ቴክሳስ ሆልደም የፖከር ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ለብቻው ይይዛል፣ ከዚያ አምስት የጋራ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፍሎፕ ይባላሉ። ስሞል ብላይንድና ቢግ ብላይንድ ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስይዙት ነው፤ ወንበራቸውም በዚሁ ይጠራል። ሬይዝ ውርርዱን መጨመር፣ ኮል የተባለውን ያህል ከፍሎ መቆየት ነው። አንዱ ሬይዝ ሲያደርግ በላዩ ላይ እንደገና መጨመር ሪሬይዝ ይባላል። ተጫዋቾች «ስሪ ቤት» ይሉታል። ቢግ ብላይንዱ እንደ መጀመሪያ ስለሚቆጠር፣ ሬይዙ ሁለተኛ፣ ይሄኛው ሦስተኛ ስለሚሆን ነው። ቤት ከመሥራት ጋር አይገናኝም። እንዲያውም ብዙ ቤት አፍርሷል።

አሁን ወደ ኪንግ-ኩዊንህ እንምጣ። ቁጥሩ እንዲቀል ብላይንዱ 5 እና 10 ነው እንበል፤ እያንዳንዱ ሰው ፊት 1000 ቺፕስ አለ። አንዱ ጓደኛህ ሬይዝ አድርጎ 30 አለ። አንተ በተን ላይ ነህ (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የሚናገረው ወንበር ነው)፣ ኪንግ-ኩዊን ይዘሃል፣ ምልክታቸው የተለያየ ነው። 90 አልክ። ብላይንዶቹ ጣሉ። ጓደኛህ ካርታውን ቀና አድርጎ አየ።

እዚህ ጋ ቆም በልና ምን ሊኖረው እንደሚችል አስብ። ኪንግ-ጃክ፣ ኩዊን-ጃክ ወይም ኪንግ-10 ከሆነ ይጥላል። እነዚህ ደግሞ አንተ በሰፊው የምትበልጣቸው ናቸው። ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ ወይም ሁለት ኩዊን ከሆነ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ አንተን ጠፍንገው የያዙ ናቸው። ኪንግ-ኩዊን ከኤስ-ኪንግ ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ የሚያሸንፈው ከአራት አንዴ ገደማ ነው። ስጦታ ይዞ የመጣውን እንግዳ ከበር መልሰህ፣ ሊበላ የመጣውን አስገባህ ማለት ነው።

30ውን ኮል ብታደርግ ኖሮ ኪንግ-ጃኩ አብሮህ ይቆይ ነበር። ፍሎፕ ላይ ኪንግ ሲወጣ እሱም ደስ ይለዋል፣ አንተም ደስ ይልሃል። የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

«ኮል የሚያደርገኝ ሁሉ የተሻለ ይዞ ይገኛል» ያልከው ስለዚህ ዕድል አይደለም። አንተው መርጠህ ያስቀረሃቸው ናቸው። እኔም በዚሁ በሽታ ረጅም ጊዜ ታምሜአለሁ። ኪንግ-ኩዊን ሲመጣልኝ እጄ ይበላኝ ነበር። ሁለት ባለ ሥዕል ካርታ ሲያዩት ያምራል። ካርታ ግን በመልክ አይመረጥም።

ስለዚህ ቺፕስህን ከመግፋትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይሄን ሳደርግ ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል? ከአንተ ያነሰ ካርታ በብዛት የሚቀር ከሆነ ግፋ። ያነሰው ሁሉ ሄዶ የሚበልጥህ ብቻ የሚቀር ከሆነ ግን ኮል ይሻልሃል። መሐል ላይ ያሉት ጥሩ ካርታዎች፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ኤስ-ጃክ፣ ሁለት 8፣ ሁለት 9፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚወድቁት። እንዳይጣሉ በጣም ጥሩ ናቸው፣ እንዳይገፉ ደግሞ በቂ አይደሉም። ኮል የተፈጠረው ለእነሱ ነው።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ገና በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቀለል ባለ የፖከር ሞዴል ላይ ሲሠራ ያገኘው ይሄንኑ ነው። ገንዘብ የሚገፋው በጣም ጥሩ በሆነው እጅና በጣም መጥፎ በሆነው እጅ ነው፤ መካከለኛው ዝም ብሎ ያልፋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ይረዳል። ሁለተኛውን ሲሰማ ይስቃል። «እንዴት በመጥፎ ካርታ?» ይላል። ያንተም የመጀመሪያው ችግር መልስ ግን እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለት ካርታ ከ52 በ1326 መንገድ ሊመጣልህ ይችላል። ሁለት ኤስ በ6 መንገድ፣ ሁለት ኪንግም በ6 ይመጣሉ። ድምሩ 12። ይሄ በአማካይ በ110 እጅ (ካርታ በታደለ ቁጥር አንድ እጅ ነው) አንዴ ማለት ነው። ቤት ውስጥ እየተቀለደ፣ ቡና እየተጠጣ፣ በሰዓት 25 እጅ ቢታደል፣ በአንድ ቅዳሜ ምናልባት አንዴ ይመጣልሃል። ከሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የዋለ ሰው ድንገት ሲገፋ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ቢጥሉብህ አልፈርድባቸውም።

መነሻህን ላስፋልህ። ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን እና ኤስ-ኪንግ። ሦስቱ ጥንዶች 18 መንገድ ናቸው፣ ኤስ-ኪንግ ብቻውን 16። በድምሩ 34፤ ይሄ በ39 እጅ አንዴ ይመጣል። ይሄ አጥንቱ ነው። አጥንቱ ላይ ትንሽ ውሸት ትጨምርበታለህ፤ ደካማ ካርታ ይዘህ ጠንካራ መስለህ መግፋት ማለት ነው።

የትኛውን ውሸት? እዚህ ጋ ካርታህን አውጣና ከእኔ ጋር ቁጠር። አራቱን ኤስ ለይተህ ጠረጴዛው ላይ ደርድር። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ይጣመራል፣ 3 ሆነ። ሁለተኛው ከቀሩት ሁለቱ ጋር፣ 5 ሆነ። ሦስተኛው ከመጨረሻው ጋር፣ 6 ሆነ። ሁለት ኤስ በ6 መንገድ ይመጣል ያልኩህ ይሄ ነው። አሁን አንዱን ኤስ አንሳና የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ክተተው። የቀሩትን ቁጠር። 2 እና 1፣ 3 ብቻ። አንድ ኤስ እጅህ ላይ በመኖሩ ብቻ ጓደኛህ ሁለት ኤስ የሚይዝበት መንገድ በግማሽ ወረደ። ኤስ-ኪንግ ደግሞ ከ16 ወደ 12 ወረደ። ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ እና ኤስ-ኪንግ አንድ ላይ ሲደመሩ 28 ነበሩ፤ አሁን 21 ናቸው። በጣም የምትፈራቸው ካርታዎች በሩብ ቀነሱልህ።

ስለዚህ ውሸት ስትዋሽ ኤስ ይዘህ ዋሽ። ግን የትኛው ኤስ? ኤስ-9 አንድ ምልክት ከሆነ ኮል ለማድረግ ይበቃል፤ ለምን ታባክነዋለህ? ኤስ-6 ደግሞ አንድ ቅር የሚል ነገር አለው። ኤስ እና 6 በአንድ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ውስጥ አብረው አይገቡም። ኤስ-5 ይገባሉ፦ ኤስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ኤስ-4፣ ኤስ-3 እና ኤስ-2ም እንዲሁ። ሁለቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ደግሞ ፍላሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት) ሲሞላ ከሁሉም የሚበልጠው ፍላሽ ያንተ ነው። ከሁለት ኪንግ ጋር እንኳ ፊት ለፊት ቢገናኙ ኤስ-5 ከሦስት አንዴ ገደማ ያሸንፋል። ለውሸት መጥፎ አይደለም።

ፎን ኖይማን «በጣም መጥፎው» ሲል በእሱ ሞዴል ውስጥ ከውርርዱ በኋላ የሚወጣ ካርታ የለም። እኛ ጋ ገና አምስት ካርታ ይወጣል። ለዚህ ነው 7-2 የማንገፋው፤ ከሚጣሉት ካርታዎች መሐል ከላይ ያሉትን፣ ተስፋ ያላቸውን እንመርጣለን።

ከኤስ-5 እስከ ኤስ-2 ያሉት አንድ ምልክት የሆኑት አራት ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ በ4 መንገድ ይመጣል፣ 16 ማለት ነው። አጥንቱ 34 ነበር። ለሁለት እውነት አንድ ውሸት ገደማ። ይሄ ልክ ጥሩ ነው። ከበዛብህ ደግሞ በቀለም ለይ። ኤስ-5 ቀይ ከሆነ ግፋ፣ ጥቁር ከሆነ ጣል። ካርታው ራሱ ዕጣ ያወጣልሃል፣ አንተ አትጨነቅም። ስሜትህ ከመረጠ ግን ሁሌም ከተሸነፍክ በኋላ ባለው እጅ ላይ ነው የምትዋሸው። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።

ውሸት ግን ዋጋ አለው። ቅድም ባልነው ቁጥር ፖቱ (መሐል የተከማቸው ቺፕስ) ውስጥ 30፣ 10 እና 5 አለ፤ 45። አንተ 90 ትገፋለህ። 45 ለማግኘት 90 እያስያዝክ ነው። ካርታህ ምንም ዋጋ ባይኖረው እንኳ ለማትረፍ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ሰው መጣል አለበት። ኤስ-5 ኮል ሲደረግም አንዳንዴ ስለሚያሸንፍ ትንሽ ይቀልልሃል። ቢሆንም ወሳኙ ያ ሰው ይጥላል ወይ የሚለው ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ጠረጴዛህ ላይ አምስት ሰው አለ፤ አምስቱም አንድ አይደሉም።

ሁሉን ኮል የሚያደርግ ልጅ አለ አይደል? በየቡድኑ አንድ አይጠፋም። አሞራ ገደል አሳ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን አይተሃቸዋል። የተወረወረውን ሁሉ ይውጣሉ፤ ጭንቅላትም ይሁን አጥንት አይመርጡም። እሱም እንደዚያ ነው። በእሱ ላይ አትዋሽ። ኤስ-5ህን ጣልና እረፍ። በእሱ ላይ የሚሠራው እውነቱን ማብዛት ነው። ኤስ-ኩዊን፣ ኤስ-ጃክ፣ ሁለት ጃክ፣ ሁለት 10፣ ሁሉንም ግፋ። ቅድም መሐል ላይ ናቸው ያልኩህ ካርታዎች በእሱ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ምክንያቱም እሱ በኤስ-8 እና በኪንግ-9 ይቀራል። ኤስ-ኩዊን ከኤስ-8 ጋር ከአሥር ሰባቴ ገደማ ያሸንፋል። ያው ጥያቄ ነው፦ ማን ይቀራል? እሱ ጋ ያነሰው ይቀራል። ኪንግ-ኩዊንህን እንኳ በእሱ ላይ ብትገፋ አልቆጣህም።

ሬይዝ የሚያበዛ ግን ሲገፉት የሚያፈገፍግ ልጅም አለ። በተለይ በተን ላይ ሲቀመጥ ከሁለት እጅ በአንዱ 30 ይላል። የኤስ-5 ቦታ እሱ ነው። ብዙ ስለሚከፍት፣ ማለትም በብዙ ካርታ የመጀመሪያውን ሬይዝ ስለሚያደርግ፣ ብዙ ይጥላል። ቁጥሩን በዓይንህ ያዝ፤ አሥር ጊዜ ሲገፉት ሰባቴ ከጣለ ሒሳቡ ሞላ።

ሦስተኛው ጠባቡ ነው። ሰዓት ሙሉ ይጥላል፣ ይጥላል፣ ከዚያ 30 ይላል። በእሱ ላይ ሁለት ኩዊን እንኳ ይዘህ አስብ። የሚከፍተው ከሁለት 10 ጀምሮ ያሉ ጥንዶችን፣ ኤስ-ኩዊንን እና ኤስ-ኪንግን ብቻ ነው እንበል። ብትገፋው ሁለት 10ን፣ ሁለት ጃክን እና ኤስ-ኩዊንን ይጥላል፤ እነዚህ የምትበልጣቸው ናቸው። የሚቀረው በሁለት ኤስ፣ በሁለት ኪንግ እና በኤስ-ኪንግ ከሆነ፣ 6፣ 6 እና 16 መንገድ ነው። ከእነዚህ ጋር ሁለት ኩዊን የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በዓለም ሦስተኛው ጥሩ ካርታ እጅህ ላይ ሆኖ ትከሻህን ዝቅ አድርገህ ኮል ታደርጋለህ። ሠንጠረዥ ይሄን አይነግርህም። (ከእኔ ጋር የሚጫወት አንድ ጠባብ ወዳጄ ትልቅ ካርታ ሲመጣለት ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ ያስቀምጣል። ለስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም። እስካሁን ማንም አልነገረውም፣ እኔም አልነግረውም።)

ወንበርህም ይወስናል። በተን ላይ ከሆንክ ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የምትናገረው አንተ ስለሆንክ ኮል ማድረግ ምቹ ነው። ቢግ ብላይንድ ላይ 10ሩ አስቀድሞ ገብቷል፤ 20 ብቻ ጨምረህ 45 ያለበትን ፖት ታያለህ። ወደ 31 በመቶ ዕድል ካለህ ሒሳቡ ይከፍላል። ስለዚህ እዚያም ኮልህ ሰፊ ይሁን። ስሞል ብላይንድ ግን የዕዳ ወንበር ነው። ከኋላህ ቢግ ብላይንዱ ገና አልተናገረም፤ ከፍሎፕ በኋላም ሁሌ ቀድመህ የምትናገረው አንተ ነህ። እዚያ ኮል ማድረግ ልማድ አይሁንብህ። ወይ ግፋ ወይ ጣል። ቅድም ኮል ይደረግባቸው ያልኩህ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አንድ ምልክት የሆነ ኤስ-ጃክ ወይም ኪንግ-ኩዊን፣ እዚያ ሲሆኑ ሪሬይዝ ይሆናሉ።

ስንት ልግፋ ብለህ አልጠየቅክም፣ ግን መጠየቅ ነበረብህ። መጨረሻ የምትናገረው አንተ ከሆንክ የሬይዙን ሦስት እጥፍ፣ 90። ብላይንድ ላይ ከሆንክ አራት እጥፍ፣ 120 አካባቢ፤ ቀድሞ የሚናገር ሰው ለጓደኛው ርካሽ ዋጋ መስጠት የለበትም። መሐል ላይ ኮል ያደረገ ሰው ካለ ለእያንዳንዱ 30 ጨምር። ከሁሉም በላይ ለእውነቱም ለውሸቱም አንድ ዓይነት መጠን ተጠቀም። በሁለት ኤስ 70፣ በኤስ-5 110 የሚል ሰው ካርታውን ገልጦ ቢጫወት ይሻለዋል።

አንተ ገፍተህ እሱ መልሶ ከገፋህስ? ኤስ-5 ጣል፣ አትከራከር። ሥራውን ጨርሷል። ሁለት ኤስና ሁለት ኪንግ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። ሁለት ኩዊንና ኤስ-ኪንግ እንደ ሰውዬው ናቸው፤ ጠባቡ ከሆነ ሁለት ኩዊኑን መጣል ውርደት አይደለም። ኤስ-ኪንግ ግን አንድ ጥቅም አለው። ኤሱ ሁለት ኤስን ወደ 3፣ ኪንጉ ሁለት ኪንግን ወደ 3 አውርደውታል። 12 የነበረው ፍርሃት 6 ሆነ።

ሁለት ጃክህ ቀረ። ሁሉም ሰው በሁለት ጃክ ግራ ይገባዋል፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ጠባቡ ቀድሞ ከሚናገርበት የፊት ወንበር ከከፈተ ኮል፤ ፍሎፑን እይ፣ ኩዊን ወይም ኪንግ ወጥቶ እሱ ከገፋ ልቀቅ። ሁሉን የሚውጠው ልጅ ከከፈተ ግፋ፤ ሁለት 7 ይዞ ይከተልሃል። ሬይዝ የሚያበዛው በተን ላይ ሆኖ ከከፈተና አንተ ስሞል ብላይንድ ላይ ከሆንክ፣ 120 በል። እሁድ አሞራ ገደል ከተገናኘን ደግሞ ከፋዩ ማን እንደሆነ አያለሁ።